በመጽሐፉ ያልነበሩ አምስት ገጾች

ልብ ወለድ የሚተርክልን ሰው ሊዋሸን እንደሚችል፣ የተማሩ ወዳጆቼ እንደ ታላቅ ግኝት ይነግሩኛል። «ተራኪውን አትመነው» ይሉኛል፣ ጣታቸውን ቀስረው። እኔም አክብሬ እሰማቸዋለሁ። ባል ስለ ሚስቱ፣ ጌታ ስለ አሽከሩ፣ አሸናፊ ስለ ተሸናፊው የጻፈውን በጥርጣሬ ማንበብ እንዳለብኝ ለማወቅ ግን ወፍራም የሂስ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ያስተማሩኝም ንፋስ መውጫ፣ ጣሪያው በሚያፈስ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ እኔ ራሴ የማልታመን ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ ይህን ግን ሂስ የሚጽፉት ወዳጆቼ አያውቁም።

ያን ዘመን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጉሙ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከገደሉ ሥር ይነሳና ሜዳውን ተሻግሮ፣ የባሕር ዛፉን አጥር አልፎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከተማ ይገባል። የአዳራሹ መስኮቶች መስታወት ስላልነበራቸው ጉሙ እንደማንኛውም ነዋሪ ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር። ሰዎቹ ከወገባቸው በታች ይጠፋሉ። ጋቢዎች ብቻቸውን ተንሳፍፈው የቀሩ ይመስላል። ድምፅ ይሰማል፣ ፊት ግን አይታይም፤ አንድ ሰው ከኋላ ሲያስል የሳለው ጉሙ ራሱ ይመስላል። ዛሬ ዛሬ ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው በእውን ይሁን በእንቅልፌ ውስጥ ልለየው ያቅተኛል። የተነገረው ነገር ግን ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቢያንስ ይመስለኛል።

ዘመኑ ደርግ ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። ንግግር የሚያደርገው ካድሬ የሚመጣው ከሩቅ፣ በላንድሮቨር ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ጉሙም ድፍን በመሆኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይዘገያል፤ አንዳንዴም ከናካቴው አይመጣም። ሕዝቡ ግን መበተን የለበትም። እንዳይበተን የሚጠብቀው የከተማችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው። የፍርድ ሸንጎውም ሰብሳቢ እሱ ነው። በሌሎቹ ቀናት ሱሪ ያሳጥራል፣ ሐሙስ ሐሙስ ይፈርዳል።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእስቴ መጥቼ በከተማው ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ እሁድ ልብስ ሰፊው ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ እባክህ አንድ ነገር አንብብላቸው፤ ሰዉ በእግሩ ማሰብ ጀምሯል» አለኝ።

ጋዜጣ አነበብኩ። ሁለተኛው አምድ ላይ ስደርስ ሦስት ሰው ያንኮራፋ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ልብ ወለድ ይዤ ሄድኩ። ከሩቅ አገር ቋንቋ የተተረጎመ፣ ሽፋኑና የመጀመሪያ ቅጠሎቹ የተገነጠሉ መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ለጥንቃቄ በጋዜጣ ሸፍኜዋለሁ። ከውጭ ለሚያየኝ የማነበው ስለ ስንዴ ምርት ነበር።

ታሪኩን የሚተርከው አንድ ባለጸጋ ባል ነው። ሚስቱን እንዴት እንደወደዳት፣ ምን ያህል እንደታገሣት፣ እሷም እንዴት እንደካደችው ይናገራል። ሰውየው አንደበቱ ማር ነው። «አንድ ማለዳ» ይላል፣ «ሚስቴ ያለ አንዳች ቃል ቤቴን ጥላ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ የዘጋው ነፋስ ብቻ ነበር።» እዚህ ላይ ስደርስ ከጉሙ ውስጥ የአፍንጫ መጥረግ ድምፅ ሰማሁ። ካድሬው በአንድ ዓመት ንግግር ያላስለቀሰውን ሕዝብ አንድ የማናውቀው የባዕድ አገር ጌታ በሦስት እሁድ አስለቀሰው።

ከሁሉም አብልጦ የሚያለቅሰው ከፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር። ከሲማዳ፣ ከወገዳ የመጣ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ደጅ ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የገበሬውን ሁሉ አቤቱታ ይጽፋል። እሱ የጻፈውን አቤቱታ ሰምቶ በገዛ ጉዳዩ ያላለቀሰ ባለጉዳይ የለም ይባል ነበር። «የኔን ነው የሚያወራው» ይል ነበር ነጭ መሐረቡን ከፍ አድርጎ፣ «ቁርጥ የኔን!»

እውነትም ሚስቱን ከስሷል። ሚስቱ ከአዳራሹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፣ ከኋላው ደግሞ ይኖሩበታል። አሁን ግን ጎረቤት ነው የምታድረው። ቤቱ ለማን ይጽና የሚለው ጉዳይ ፍርድ ሸንጎው ዘንድ ቀርቧል። በአገሩ ልማድ ሴት ራሷ ጥላ ከወጣች ባዶ እጇን ናት፤ ከቤቷ ከተከለከለች ግን ትካፈላለች። የሙግቱ ፍሬ እንግዲህ አንዲት ነገር ናት፦ ጥላ ወጣች ወይስ ተባረረች? ባልየው «እኔ ወገዳ ሄጄ ሳለሁ ወጣች፤ በሦስተኛው ቀን ብመለስ ቤቱ ባዶውን፣ በሩ ወለል ብሎ ቆየኝ» ይላል። ይህን በየጠላ ቤቱ፣ በየለቅሶው ስለተናገረው ከተማው በቃሉ ይዞታል። የሷን ቃል የጠየቃት የለም። እሷም ተናግራ አታውቅም።

እዚህ ላይ ነው እሜቴ የሚገቡት። «እሜቴ» የምንላቸው ሁላችንም ነን፤ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በርስት ሲሟገቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ጎንደር በበቅሎ የተመላለሱበት ሙግት ነበራቸው። መሬቱ ሲወረስ ርስቱም ሙግቱም በአንድ ቀን ጠፋ። ያዘኑት ለርስቱ አልነበረም፤ ለሙግቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚከራከሩበት ነገር አጥተው ከስተው ነበር።

በአራተኛው እሁድ፣ የመጽሐፉ ባል ስለ ትዕግሥቱ ሲናገር፣ ከጉሙ መካከል «ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ብል እሜቴ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ነጠላቸውን አደግድገው ተነስተዋል።

«ይህ የሚናገረው ሰው ዋሱ ማነው?»

«የቱ ሰው እሜቴ?» አልኩ።

«ባልየው ነዋ! ስንት እሁድ ብቻውን ሲናገር 'ዋስ ጥራ' ያለው ሰው የለም?»

ሰዉ ሳቀ። «እሜቴ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ልቡም ይውለደው አንጀቱ፣ ሚስቱን ከሷል። የተከሰሰ ደግሞ ይመልሳል።»

«ምን ትመልሳለች?» አለ ራፖር ጸሐፊው ዞር ብሎ። «ጥላው ሄዳ!»

«ስትሄድ አየሃት?»

«እሱ አይቷላ! እየነገረን እኮ ነው።»

«አየ? በማለዳ ያለ ቃል ወጣች ነው የሚለው። ተኝቶ ከነበረ ቃል እንዳልተነፈሰች በምን አወቀ? ነቅቶም ከነበረ 'ወዴት ነሽ?' ምነው ሳይላት ቀረ?»

የጣሪያው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ስለ ልብ ወለድ ተራኪዎች ብዙ ሊቃውንት የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ ከዚህች ጥያቄ አልፎ የነገረኝ አላገኘሁም። ሊቃውንቱ ተራኪው እንደዋሸ ለማወቅ መቶ ገጽ ይፈጃሉ፤ ለእሜቴ ዋስ አለመጥራቱ ይበቃቸዋል።

«እሜቴ፣ ይቀመጡ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ይህ አጀንዳ አይደለም።»

«አጀንዳህ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።» ሰዉ እንደገና ሳቀ። «በአንድ ጉንዶ ማር እወራረዳለሁ፤ ይህ ሰው ዋሽቷል!»

«ተቀብያለሁ!» አለ ራፖር ጸሐፊው መሐረቡን እያጠፈ።

እሜቴ ወደኔ ዞሩ። «ለሚመጣው እሁድ ሚስትየዋን አቅርብ።»

«መጽሐፉ ውስጥ የሷ ቃል የለም እኮ፣ እሜቴ።»

«አንተ አንባቢው እንጂ ጠበቃው አይደለህ። ፈልግ!»

ቤቴ ገብቼ ፈለግሁ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ሚስትየዋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ አንድም ቦታ ግን በራሷ አፍ አትናገርም። ብዕር አነሳሁና አምስት ገጽ ጻፍኩላት።

ለምን እንደጻፍኩ መናገር አለብኝ። ሻይ የምትሸጠውን ሴት እወዳት ነበር ብል ይጋነናል፤ አልወዳትም ነበር ብል ደግሞ ይጎድላል። ከሥራ ስወጣ ቤቷ ቁጭ ብዬ መጻሕፍት አነብ ነበር። እሷ ብርጭቆ ስታጥብ ውሃው ሲንሿሿ፣ ጉሙ በበሩ ሲያልፍ፣ ያነበብኩትና ያየሁት ይደባለቁብኛል፤ የመጽሐፉ ጌቶች እሷ ሻይ ቤት ገብተው ዳቦ የሚያዙ ይመስለኛል። ባሏን ደግሞ አልወደውም። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከኔ የተሻለ ይጽፍ ስለነበር ነው። ፍትሕ ፍለጋ ነው የጻፍኩት ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ ለራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «በሩን የዘጋው ነፋስ ነው ይላል ባሌ። ነፋስ ቁልፍ ያዞራልን? እኔ በዝናቡ ውስጥ ቆሜ ቁልፉ ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰምቻለሁ። አንዱ ዙር ለቤቱ ነበር፣ ሁለተኛው ለስሜ።» ሁለተኛውን ዙር ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። በገዛ ጽሑፉ የሚያለቅስ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

እሁድ ገጾቹን ከስንዴው ምርት ሽፋን ውስጥ ከትቼ እንደ መጽሐፉ አድርጌ አነበብኳቸው። ጉሙ ያን ቀን በጣም ወፍሮ ነበር፤ ድምፄ ከኔ ወጥቶ ከሌላ ሰው አፍ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በሩ አጠገብ ያለችው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ።

«ማሬን!» አሉ እሜቴ ገና ሳልጨርስ።

ስንወጣ ራፖር ጸሐፊው ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «መምህር፣ ያቺ ክፍል ገጿ ስንት ነው?» አለኝ። አንድ ቁጥር ጠራሁለት። «አይ፣ ቆንጆ ነች» አለ ፈገግ ብሎ፤ «ትርጉሙ ብቻ እዚያ ላይ ለወጥ አለብኝ። ተርጓሚው እስቴ የተወለደ ይመስላል።»

ሐሙስ ችሎቱ በዚያው አዳራሽ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው መሐል፣ ሁለት ዳኞች ግራና ቀኝ። ከተማው ሁሉ መጥቷል፤ ስም የሚመዘግብ ሰው ሳይኖር።

መጀመሪያ ባልየው ተናገረ። ምን ያህል አሳምሮ እንደተናገረ ለመግለጽ አልሞክርም፤ ቅናቴ ዛሬም አልበረደም። ወገዳ መሄዱን፣ መመለሱን፣ ባዶውን ቤት፣ ወለል ብሎ የቆየውን በር አንድ በአንድ አስቀመጠ። ሲጨርስ ከዳኞቹ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት ልብስ ሰፊው።

ሻይ ሻጯ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች። ስትናገር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ዓይኖቿን ጨፈነች፣ ከዚያም፣

«በሩን የዘጋው ነፋስ ነው ይላል ባሌ» አለች። «ነፋስ ቁልፍ ያዞራልን?»

በአዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሄደ። እሷ አላቋረጠችም፤ ዝናቡን፣ ሁለቱን ዙር፣ ስሟን፣ ሁሉንም አንዲት ቃል ሳትስት አለችው። ከኔ ይልቅ አሳምራ አለችው።

ራፖር ጸሐፊው አልተቆጣም። ሳቀ እንጂ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ የቤቴን በር ነገር አንድ ጊዜ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። እርስዎም እኛ ቤት ሻይ ጠጥተዋል፣ ዳኞቹም ጠጥተዋል። በሩ ቁልፍ አለው?»

ልብስ ሰፊው አሰበ። «የለውም» አለ።

«የለውም! ከውስጥ የሚቀረቀር የእንጨት መቀርቀሪያ ነው ያለው፤ ከውጭ በገመድ ይታሰራል። ይህች ሴት ቁልፍ ሲዞር የሰማችው የት ነው? መምህሩ መጽሐፍ ውስጥ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ ያማረውን ቁልፍ ስፈጥር ከመቶ ጊዜ በላይ የገፋሁትን በር አላሰብኩም ነበር። እሷ ራሷን ደፍታ ቆማለች። ቤቷ በኔ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ከእጇ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁ።

«ይህ እውነት ነው?» አላት ልብስ ሰፊው።

«አንቺ ልጅ!» የእሜቴ ድምፅ ነው። «የመጽሐፏን ሴትዮ ተያት፤ እሷ ሞልቶላታል! የራስሽን ተናገሪ!»

«የኔ አያምርም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ማን እንዲያምር ጠየቀሽ?»

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ወጥቻለሁ» አለች። «አላባረረኝም፣ በእግሬ ነው የወጣሁ። ጠዋት ሊፈታኝ ስለኔ የጻፈውን ክስ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። 'ይህ ቃል ያምራል ወይስ ያኛው?' ብሎ ጠየቀኝ። ያኛው አልኩት። ሻይ ቀዳሁለትና ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም፤ ገበያውን ስዞር ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ተመለስኩ። በሩ ተቀርቅሯል። ሁለቴ አንኳኳሁ። አልጮህኩም፣ አፈርኩ። ጎረቤት አደርኩ። ይኸው ነው።»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ራሷ ወጣሁ አለች እኮ!» አለ ባልየው።

«ሰምቻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ። «ተቀርቅሮ ነበርም ብላለች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው ብለኸናል፤ አንተም ወገዳ ነኝ ብለሃል። ማን ቀረቀረው?»

«ማንም! በሩ ክፍት ነበር። ተቀርቅሮ ነበር ካለች እማኝ ትጥራ!»

እማኝ አልነበራትም። ሁለቴ አንኳኩቶ አፍሮ የሄደን ሰው ማን ያየዋል?

አሁን እስካሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። እማኝ ነበራት። ያን ቀን፣ እሷ ከመመለሷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሻይ ልጠጣ ሄጄ በሩን ገፍቼዋለሁ። ተቀርቅሯል። ከውስጥ የወንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያነባል፣ ቃል ይለውጣል፣ እንደገና ያነባል። ድምፁን አውቄዋለሁ። ዞሬ ሄድኩ። ከዚያ ሰውየው «ወገዳ ነበርኩ» ሲል ከተማው ሁሉ ሲያምነው ዝም አልኩ፤ ፈርቼ ነበር። የዚያ ሰው ብዕር ወደ ላይም ይጽፋል። «መምህሩ ከሰው ሚስት ቤት አይጠፋም» የምትል አንዲት መስመር በዚያ ዘመን ትበቃኝ ነበር። ስለዚህ አንዲት እውነተኛ ቃል ከመመስከር ይልቅ አምስት ገጽ ልብ ወለድ ጻፍኩላት። ድፍረት መስሎኝ ነበር።

ተነሳሁ። የገፋሁትን በር፣ የሰማሁትን ድምፅ ተናገርኩ።

«ይኸው!» ብሎ ዘለለ ራፖር ጸሐፊው። «ይኸው ደራሲው! ባለፈው እሁድ የጻፈላት ሰው ዛሬ ሊመሰክርላት ተነሳ። መጽሐፉ ይምጣና ይታይ!»

«መምህር» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ያነበብከው ከመጽሐፉ ነው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሴትየዋ አትናገርም።»

«ውይ!» አሉ እሜቴ፣ «ማሩን በሐሰት ነዋ የበላሁት!» ሳቁ ሲበርድ ግን አልተቀመጡም። «ልብስ ሰፊ፣ ስማኝ። እሷ ወጣሁ ብላ ራሷን ጎዳች። እሱም ዋሸሁ ብሎ ራሱን አዋረደ። ሃያ ዓመት ተሟግቻለሁ፤ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ሲመሰክር ዳኛው ጆሮውን ያቆማል።»

ልብስ ሰፊው ወደ ባልየው ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንተ ያጠፋኸው ምንድነው?»

«እኔ?»

«አንተ። ትንሽም ብትሆን።»

ራፖር ጸሐፊው በቅን ልብ አሰበ፤ ያሰበው ከልቡ እንደነበር እመሰክርለታለሁ። «ምንም» አለ።

«እኔ ይህን ያህል ዘመን ስሰፋ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ቁርጥራጭ ሳይተርፍ ያለቀ ልብስ አላየሁም። ያንተ ነገር ቁርጥራጭ የለውም።»

ሦስቱ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ የፊቱ ክፍል ለሷ፣ የኋላው ለሱ እንዲሆን፣ በመሐሉም ግድግዳ እንዲቆም ፈረዱ። በራሷ እግር ስለወጣች ሙሉውን አላገኘችም፤ ስለተከለከለች ደግሞ ባዶ እጇን አልቀረችም። «አንተ ደግሞ መምህር» አለኝ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጋዜጣ ብቻ ነው የምታነብልን።»

ባልየው ፍርዱን ይግባኝ ይልበታል ብለን ስንጠብቅ በሳምንቱ ወገዳ ገባ፤ የኋላውን ክፍል እንኳ ሳይረከብ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገረመን።

ሻይ ቤቱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄድኩ። ምስጋና ጠብቄ አልሄድኩም ብል አትመኑኝ። አንድ ገበሬ ጥግ ላይ በትሩን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል፤ ጋቢው በጉሙ ርሶ ከብዷል። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች።

«በሩ መቀርቀሩን እያወቅህ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አልክ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ፈርቼ ነው። ግን ጻፍኩልሽ።»

«ለኔ ነው የጻፍከው?»

ሻዩን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ሁሉን አልተናገርኩም» አለች። «ያን ጠዋት ሻዩን ያፈላሁት በምን ይመስልሃል? ክሴን ሲያነብልኝ ዓይኑ ከጽሑፉ አልተነሳም፤ የወረቀት ሳጥኑን ከፍቼ ያገኘሁትን ሁሉ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩ። የሰዉን አቤቱታ። አንድ እቅፍ ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ ነው የቀረቀረብኝ።»

«ለምን ሸንጎው ላይ አልተናገረም ታዲያ?»

«በሹማምንቱ ላይ የተጻፉ ነበሩበታ። ማን ጻፋቸው ቢባልስ?»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ቤቴን እፈልገው ነበራ» አለች፣ ሞኝ እንደሚጠይቃት ሁሉ።

በጉሙ ውስጥ አንድ አህያ አለፈ፤ ጭነቱ ብቻ ታየኝ። እሜቴ ያደነቁት እውነት፣ ልብስ ሰፊው ቁርጥራጩን አይቶ የፈረደበት እውነት፣ ሌላ ቁርጥራጭ ምድጃ ውስጥ ነበረው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩባትም፤ ዛሬም የምጽፈው ስሟን ሳልጠራ ነው፤ ይህም ለሷ ማድላት ከሆነ ይሁን።

እሷ ግን በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተችኝ። «ከሲማዳ ነው የመጣ። የእርሻ በሬውን ለመዋጮ ብለው ወሰዱበት። አቤቱታው ከተቃጠሉት አንዱ ነው፤ የደረሰለት እየመሰለው መልስ ይጠብቅ ነበር። ትናንት ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ይኸው፣ ተቀመጠ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊቴ አኖረች። «ጻፍለት። እንደሚነግርህ ብቻ። ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

ገበሬው በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቤ መጣና ተቀመጠ። በበሩ በኩል ጉሙን ትንሽ ተመለከተው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«እኔ በዕድሜዬ አንድም ጥፋት አጥፍቼ አላውቅም» ብሎ ጀመረ፤ «በሬዬም እንደዚሁ።»

እንደነገረኝ ጻፍኩት።